መፋቂያው ከመነሣቱ በፊት፦ የድሮ አናጢ መሣሪያ ቁም ሣጥን እንዴት ይነበባል፣ እንዴትስ ይጠገናል

የቆየ የአናጢ መሣሪያ ቁም ሣጥን ከዕቃ ቤት ጥግ ወይም ከተዘጋ ጋራዥ ሲወጣ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ይፋቅ፣ ይላግ፣ ቫርኒሽ ይቀባ ብሎ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ቢወሰድ፣ በግማሽ ቀን በማሽን ተልጎ አዲስ መስሎ ይመለሳል። ጥፋቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሣጥኑ የት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት እጅና ለየትኛው ሙያ እንደተሠራ የሚናገሩት ምልክቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ያሉት በእንጨቱ ላይኛዋ ሚሊሜትር ላይ ነው። የመጋዝ ጭረት፣ የመላጊያ ሞገድ፣ መሣሪያ ለዓመታት ተንጠልጥሎ የተወው ጥላ፣ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ቅብ። ማሽኑ ጠርጎ የሚወስደው ያቺኑ ሚሊሜትር ነው።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ስለ ማየት ነው። ጥገናው ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ሣጥኑ አይታጠብም፣ አይነቀልም፣ ዘይትም አይነካውም። ፎቶ ብቻ ይነሣል። ፎቶውም ከፊት ለፊት በበራ መብራት አይነሣም። ክፍሉ ይጨልምና የእጅ ባትሪ ከጎን ተጠግቶ ይበራል። ብርሃኑ በእንጨቱ ፊት ላይ ተኝቶ ሲሄድ፣ በቀን ብርሃን የማይታይ ጭረትና ጽሕፈት ጥላ እየጣለ ብቅ ይላል። መሳቢያዎቹ ከመውጣታቸው በፊት እያንዳንዱ በወረቀትና በክር ቁጥር ይሰጠዋል፤ በማርከር መጻፍ ክልክል ነው። በእጅ የተሠሩ መሳቢያዎች መጠናቸው እኩል ቢመስልም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ተገድዶ ከገባ ደግሞ ጎኑን ይሰነጥቃል።

ፊት ለፊቱ ብዙ ጊዜ ይዋሻል። በር ይቀየራል፣ እጀታ ይቀየራል፣ ቀለም በቀለም ላይ ይደረባል። እውነቱ ያለው በጀርባው ሳንቃ፣ በመሳቢያው ሆድ ሥር፣ ከቁልፉ ሣጥን በስተኋላ እና ማጠፊያው በተነሣበት ቦታ ላይ ነው። እነዚህን ቦታዎች ለማሳመር የደከመ ሰው የለም፤ እንደተሠሩ ቀርተዋል።

ከጀርባው እንጀምር። ሳንቃው ላይ ጥልቀት የሌለው፣ እንደ ማንኪያ ሆድ ጎድጎድ ያለ ዱካ በዱካ ላይ ካለ፣ እንጨቱ በመጥረቢያ ተጠርቦ የወጣ ነው። ሁለት ሰው ከላይና ከታች ሆኖ በሚስበው ረጅም መጋዝ የተሰነጠቀ ከሆነ ጭረቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ክፍተቱና ዘመሙ ግን ይለዋወጣል፣ ምክንያቱም የሰው እጅ ይደክማል፣ ቆሞ እንደገናም ይነሣል። ቀጥ ብሎ ከዳር እስከ ዳር እኩል ክፍተት ያለው ጭረት የሞተር ቀበቶ መጋዝ ሥራ ነው። እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠው ደግሞ የክብ መጋዝ ነው። ቋንቋችንም እዚህ ላይ ምስክር ነው፦ «ሳንቃ» የጥንቱ ቃል ነው፤ «ጣውላ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አንድ ሣጥን ውስጥ ግን ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ፤ ጎኑ የተጠረበ ሳንቃ፣ መደርደሪያው የፋብሪካ ጣውላ። ያኔ አንዱ በኋላ የተጨመረ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ወይም ሠሪው ከአሮጌ በር ያገኘውን እንጨት ደግሞ ተጠቅሞበታል።

እንጨቱን መለየት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም በቀለም ብቻ ይፈርዳል። ቀለም በጥላሸት፣ በፀሐይና በቅብ ይለወጣል። ሦስት ነገሮች ግን አይለወጡም፦ ክብደት፣ የቃጫው ቀዳዳ እና ሽታ።

ክብደቱን ለማወቅ አንድ የሚወጣ መደርደሪያ ይበቃል። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 25፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር ቢሆን ይዘቱ 3,000 ሳንቲሜትር ኩብ ነው። ሚዛን ላይ 1.5 ኪሎ ከመዘነ፣ ለአንድ ሳንቲሜትር ኩብ ግማሽ ግራም ደረሰ ማለት ነው። ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ በዚህ አካባቢ ይወድቃሉ፤ ዋንዛ ትንሽ ቀለል፣ ጽድ ትንሽ ከበድ ሊል ይችላል። ያው መደርደሪያ 2.7 ኪሎና ከዚያ በላይ ከመዘነ ወይራ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ጥቁር እንጨትና ባሕር ዛፍ በመካከል ይገኛሉ።

ቀላሎቹን ሦስቱን የሚለያያቸው ቀዳዳው ነው። የማይታይ ጫፍ ይመረጥና በአዲስ ምላጭ የጥፍር ያህል ቦታ ይላጫል፤ በምራቅ ወይም በውሃ ይረጥብና በማጉያ መነጽር ይታያል። ዋንዛ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አለው፤ በሳንቃው ፊት ላይ እነዚያው ቀዳዳዎች እንደ አጫጭር ጭረት ሆነው ይሄዳሉ። ጽድና ዝግባ ቀዳዳ የላቸውም፣ ፊታቸው ጥፍጥፍ ነው። ሁለቱን ለመለየት አፍንጫ ይበቃል። የተላጨው ጽድ ከሆነ የቤተ ክርስቲያን በር የሚሸተውን ያን የታወቀ ሽታ ከመቶ ዓመት በኋላም ይሰጣል፣ ቀለሙም ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። ዝግባ አይሸትም፣ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ኮሶ ከሆነ ቀዳዳ አለው፤ መቅላቱም ይታያል። ግራቪሊያ በአንድ በኩል ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ አለው። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ፣ «የአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ነው» በተባለ ሣጥን ውስጥ የባሕር ዛፍ ድጋፍ ከተገኘ፣ ወይ ድጋፉ ወይ ወሬው በኋላ የመጣ ነው።

ጎጃም ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ዋንዛ ነው። ለመላግ ገር ነው፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ከበሮ የሚቦረቦረው፣ ሙቀጫም የሚወጣው ከእሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሣጥን ጎኑ ዋንዛ፣ የመሳቢያው ሆድ ዝግባ፣ የእንጨት ምስማሩ ወይራ ሆኖ ሲገኝ፣ የአገሩን እንጨት ባሕርይ የሚያውቅ እጅ እንደሠራው እርግጠኛ መሆን ይቻላል፤ ቀላሉን ለሆድ፣ የማይጣመመውን ለጎን፣ ብርቱውን ለማያያዣ። ይህ ምርጫ ለእኔ ከማንኛውም ፊርማ ይበልጣል።

የጣሊያን ነው?

በአገራችን አንድ ዕቃ ትንሽ ካረጀና ትንሽ ካማረ «የጣሊያን ነው» ይባላል። በጠላት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች መሣሪያና የዕቃ ሣጥን ይዘው መምጣታቸው አያጠራጥርም። የመሣሪያና የዕቃ ስሞቻችንም ይህን ይመሰክራሉ፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ሰጋቱራ፣ አኳራጃ፣ ኮምፔንሳቶ። ግን ስሙ ቀርቶ ዕቃው የኛ ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ለክርክር አይደለም፤ ዋንዛ ቆርጦ፣ ልጎ፣ ገጥሞ የሠራ የጎጃም አናጢ ሥራው ለሌላ ሲሰጥበት ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

መጀመሪያ እንጨቱ። ከአውሮፓ የመጣ የጥድ ዘመድ ጣውላ የዓመት ቀለበቱ ጎላ ብሎ ይታያል፤ አንድ ነጣ ያለ መስመር፣ አንድ ጠቆር ያለ መስመር፣ ተራ በተራ። እዚያ ክረምቱ በረዶ ስለሆነ ዛፉ በየዓመቱ ማደግ ያቆማል። የኛ ዝግባ እንዲህ ያለ ጉልህ ቀለበት የለውም። የሣጥኑ ጀርባና የመሳቢያው ሆድ ባለ ጉልህ ቀለበት ከሆነ እንጨቱ ባሕር ተሻግሯል። የበሩ ፊት ብቻ ያማረ የውጭ እንጨት ሆኖ ጀርባው ዋንዛ ከሆነ ደግሞ፣ ከመጣ የዕቃ ሣጥን ተፈቶ እዚህ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ልኩ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ካለ የሳንቃው ውፍረትና የመሣሪያ መሰኪያዎቹ ስፋት ይለካል። 6፣ 10፣ 12፣ 20 ሚሊሜትር ካለ የሜትር አገር ነው። 6.35፣ 12.7፣ 19.05 አካባቢ ከመጣ በኢንች የሚሠራ ሰው ሥራ ነው፤ እንግሊዝ ወይም አሜሪካ። ክንድና ስንዝር የሚመስል ከሆነ፣ ለምሳሌ ቁመቱ ሁለት ክንድ ተስተካክሎ ስፋቱ አንድ ክንድ ከሆነ፣ የሠሪው እጅ ራሱ መለኪያ ነበር። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ትልልቁ ልክ የሚወሰደው ቃጫው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። እንጨት በርዝመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን ይሰበሰባል። 25 ሳንቲሜትር የነበረ ሳንቃ ዛሬ 24.5 ቢሆን አይገርምም፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ስለ ኢንች መተንተን ከንቱ ነው።

ብሎንና ምስማር ሦስተኛው ምስክር ናቸው። ባለ አንድ መስመር ራስ ብሎን በየዘመኑ ስላለ ብዙ አይናገርም። ባለ መስቀል ራስ ግን ይናገራል፤ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ስለሆነ፣ ማጠፊያው ከጥንቱ ጀምሮ በእሱ የታሰረ ሣጥን ከጠላት ጊዜ በኋላ ነው ቢባል ያስኬዳል። ከጥንቱ ጀምሮ መታሰሩ እንዴት ይታወቃል? ብሎኑ ሲወጣ ከሥሩ ሌላ ቀዳዳ ወይም የዝገት ክብ ካለ ተቀይሯል። ቁልፉ ወይም መሮው ላይ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ማኅተም ካለ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በሩስያ ፊደል የታተመ መሣሪያ ባሕር ዳር ላይ ሲገኝ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ቀን ነው። መሳቢያ ሥር በእርሳስ «1939» ተጽፎ ቢገኝ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ የጠላት ጊዜ እምብርት ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከሆነ ግን ጣሊያን ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሰባት ስምንት ዓመቱ ታሪኩን ይገለብጠዋል። አብሮት ያለው ጽሕፈት አማርኛ ከሆነ ወይም ቁጥሩ በግዕዝ፣ ፩ ፪ ፫ እየተባለ ከሆነ፣ የኛ አቆጣጠር የመሆኑ ነገር ይመዝናል። በፋሺስት ዘመን የነበሩ ጣሊያኖች ደግሞ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን በሮማ ቁጥር የራሳቸውን ዘመን ይጽፉ ነበር፤ 15ኛው ዓመታቸው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1936 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1937 መጨረሻ ነው። እንዲህ ያለ ጥንድ ቀን ከተገኘ ጥያቄው አለቀ። መሳቢያ ውስጥ የተነጠፈ ጋዜጣም ይረዳል፤ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ በ1950ዎቹ የታተመ ገጽ ከተገኘ የሚያረጋግጠው ያን ጊዜ መሳቢያው እንደነበረ ብቻ ነው፤ ሣጥኑ ከዚያ በፊት ስንት ዓመት እንደቆየ አይነግርም። ጋዜጣው አይቀደድም፤ በቦታው ፎቶ ይነሣል፣ ከተላቀቀ በንጹሕ ወረቀት መካከል ይቀመጣል።

የማን ሣጥን እንደነበረ የሚናገረው ውስጡ ነው። በሩ ውስጥ ረጅም ዘንበል ያለ ጥላና ከላይ አንድ ችንካር ካለ መጋዝ ነበር፤ የጥላው ርዝመት 66 ሳንቲሜትር አካባቢ ከሆነ የተለመደው ባለ 26 ኢንች የአናጢ መጋዝ ነው። በተርታ የተበሱ፣ እየሰፉ የሚሄዱ መሰኪያዎች የመሮ ናቸው። ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያላቸው፣ ሆዳቸው ጨርቅ የለበሰ ብዙ መሳቢያዎች ግን አናጢን አያመለክቱም፤ የብረት ሠራተኛና የልኬት መሣሪያ ቤት ናቸው። ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ሆድ ጋራዥ ውሎ አድሯል ማለት ነው። በኮርቻ ሥራ ቤት የኖረ ደግሞ በስንጥቁ ውስጥ የቆዳ ቁራጭና የሰም ክር ይዞ ይገኛል። በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የመሣሪያ ቁም ሣጥን የአሜሪካዊው ፒያኖ ሠሪ የሄንሪ ስተድሊ ነው፤ ወደ 300 የሚጠጉ መሣሪያዎችን ይይዛል፣ ሲዘጋ ግን አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ያን ሣጥን ታላቅ ያደረገው እያንዳንዱ መሣሪያ የተበጀለት መያዣ ነው። በተራው ሣጥንም ያው ነው። ችንካር ነቅሎ፣ መሰኪያ ገንጥሎ ውስጡን «ማጽዳት» ሣጥኑን ተራ ቁም ሣጥን ያደርገዋል።

ወደ ጥገናው

መጀመሪያ የሚጠየቀው በሕይወት ያለ ነገር እየበላው ነው ወይ የሚል ነው። ምስጥ ከመሬት ይመጣል፤ ጭቃ ቧንቧ ሠርቶ በእግሩ በኩል ይገባና ላዩን ሳይነካ ውስጡን ባዶ ያደርጋል። በካቻቪቴ እጀታ ቢንኳኳ ድምፁ ይለያል። ነቀዝ ግን ከውስጥ ይወጣል፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳና እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይተዋል። ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ነቀዙ አለ አያሰኝም፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጨርቅ ከሥሩ ይነጠፍና ለአንድ ወር ይተዋል። ነጭ ብናኝ ከወረደ ሕያው ነው።

የተለመደው መድኃኒት ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ነው። አጥር ላይ ያስኬድ ይሆናል፤ ለሣጥን ጥፋት ነው። የሞተር ዘይት መቼም አይደርቅም፣ እንጨቱን ያጠቁራል፣ ከዚያ ወዲያ ኮላም ቅብም አይዝም። ነጭ ጋዝ ቀዳዳው አፍ አካባቢ ያለውን ይገድላል፤ ውስጥ ያለው ትል ጋ አይደርስም። ቅብ በሌለው ውስጠኛ ክፍል ላይ ቦሪክ አሲድና ቦራክስ፣ እያንዳንዳቸው 50 ግራም በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ተበጥብጠው፣ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ቢቀቡ ይሻላል። ለብቻቸው የሚወጡ መሳቢያዎችን በሙቀት ማከምም ይቻላል። ለእንጨት ማሸጊያ በዓለም አቀፍ ደንብ የተቀመጠው ልክ እስከ እንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ነው። በመጋቢት ፀሐይ፣ በተለይ ወደ ዓባይ በረሃ በወረደው ቆላ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ቀጭን መሳቢያ እዚያ ሊደርስ ይችላል፤ በግምት ሳይሆን ቴርሞሜትር በሳንቃዎቹ መካከል አስገብቶ ነው የሚታወቀው። ፕላስቲኩ የሚያስፈልገው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ እርጥበቱ በድንገት ወጥቶ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅም ይጠብቃል።

ጽዳቱ ከደረቅ ወደ እርጥብ ይሄዳል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ ተጨምቆ የደረቀ የሚመስል ጨርቅ ጥቂት ሳሙና ይዞ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማበስ። ምድጃ ባለበት ቤት የኖረ ሣጥን ጥላሸት እንደ ሙጫ ይለብሰዋል፤ እሱን ሳሙና አያነሣውም፣ አኳራጃ (የቀለም ማቅጠኛው) ያነሣዋል። ከዚያ በፊት ግን ቅቡ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በማይታይ ቦታ፣ የሁለት ሳንቲሜትር ስፋት ላይ በጥጥ ይሞከራል። አኳራጃ ካሟሟው ሰም ነው። አኳራጃ ሳይነካው አልኮል ካጣበቀው ጎማላካ፣ በአልኮል የሚሟሟው የሙጫ ቅብ፣ ነው፤ የብር ኖት መመርመሪያው ሰማያዊ መብራት ሲበራበትም ጎማላካ ወደ ብርቱካን ቀለም ያበራል። ሁለቱም ካልነኩትና ናይትሮ ቲነር ካለሰለሰው የሚረጭ ቅብ ነው። ሁሉም ካለፉት የዘይት ቫርኒሽ ወይም አዲስ ሰው ሠራሽ ቅብ ነው። በደረቁ የቆዩ ደማቅ ቀለሞች፣ በተለይ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ የእርሳስ ንጥረ ነገር ሊኖራቸው ስለሚችል በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አይፈተጉም። በአገራችን ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳያልፍ የተደነገገው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ሁሉ ይጠረጠራል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

የላላ መጋጠሚያ ሲገኝ ምስማር መምታት የቆየ ኃጢአት ነው። ምስማሩ ወንዴውን፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ ይሰነጥቃል፣ እየዛገም ያጠቁረዋል። መጋጠሚያው ይፈታል፤ የእንጨት ምስማሩ ከቀጭኑ ጫፍ በኩል ተገፍቶ ይወጣል፣ መዶሻው እንጨቱን ሳይሆን በመካከል የተያዘ ቁራጭ ጣውላን ይመታል። አሮጌው ኮላ እንደ ሻይ የቀላና እንደ መስታወት የሚሰበር ከሆነ ከቆዳና ከአጥንት የተፈላ ነው፤ ሙቅ ውሃ የነካው ጨርቅ አምስት ደቂቃ ሲያርፍበት ይለሰልሳል። ነጭ ኮላ ግን ሲረጥብ ይነጣና እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ይህ ከተገኘ ሣጥኑ ቀድሞ ተጠግኗል ማለት ነው። የቆዳ ኮላ ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ፤ ነገ ሌላ ጠጋኝ በሙቅ ውሃ ሊፈታው ይችላል። አንድ እጅ ኮላ በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ሰዓታት ይዘፈዘፍና በድርብ ድስት፣ ማለትም ሙቅ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ድስት፣ እስከ 60 ወይም 65 ዲግሪ ይሞቃል። ከ70 ካለፈ ጉልበቱ ይሞታል። ደብረ ማርቆስ ከፍታው 2,400 ሜትር ስላለፈ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ «ገና አልፈላም» ብሎ በዓይን መፍረድ ኮላውን ያቃጥላል፣ ቴርሞሜትር ይያዝ። ነጭ ኮላ የግድ ከሆነ አሮጌው እስከ እንጨቱ ድረስ ይጠረግ፤ በአሮጌ ኮላ ላይ አይዝም።

ጀርባው ለምን ይሰነጠቃል? ሰፊ ሳንቃ ግራና ቀኙ በምስማር ከተመታ፣ በበጋ ሲሰበሰብ የሚላቀቅበት ስለሌለው መካከሉን ይከፍታል። ስንጥቁን በጥር ስቱኮ መሙላት ደግሞ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ በሐምሌ እንጨቱ ሲያብጥ ስቱኮው ቦታ ስለማይለቅ አዲስ ስንጥቅ ይወለዳል። ትክክለኛው ከዚያው ዓይነት እንጨት የተላገ ቀጭን ሽብልቅ፣ ኮላ በአንድ ጎኑ ብቻ ተቀብቶ መግባቱ ነው። ሌላው ጎን ነጻ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ጀርባው እንደገና ሲታሰር መካከሉ በጥብቅ፣ ዳርና ዳሩ በሞላላ ቀዳዳ ይሁን።

መሳቢያ በነሐሴ አልወጣ ሲል መላጊያ የሚያነሣ ሰው በየካቲት የሚንኳኳ መሳቢያ ያገኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። 20 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው የመሳቢያ ፊት ከክረምት እስከ በጋ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። በክረምት የሚደረገው የሚያሻው ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግና ሰም ማሸት ብቻ ነው፤ ጧፍ ይበቃል። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ይታያል፤ ያኔም ከላይ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ካለ ምንም አይነካም። ብዙ ጊዜ የመሳቢያ ችግር ማበጥ ሳይሆን መበላት ነው፤ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ተበልቶ መሳቢያው ወደ ፊት ያዘነብላል። ሐዲዱ ሲቀየር ብርታት ይኖረዋል ተብሎ ወይራ አይገባም። ወይራው የመሳቢያውን የዋንዛ ጎን ይበላዋል፤ ሐዲድ በአንድ ሰዓት ይተካል፣ በእጅ የተገጠመ ጎን ግን አይተካም። ስለዚህ ሐዲዱ ራሱም ዋንዛ ወይም ከዚያ የለሰለሰ ይሁን።

ምስጥ የበላው የጎን ሳንቃ ጫፍ በቀጥታ ተቆርጦ አይቀጠልም፤ በሰያፍ ይገናኛል። ለ2 ሳንቲሜትር ውፍረት 16 ሳንቲሜትር የሰያፍ ርዝመት፣ ማለትም አንድ ለስምንት፣ ይበቃዋል። የመተኪያውን እንጨት ከተሰበረ አልጋ ወይም ከአሮጌ በር መፈለግ ይሻላል። አሮጌ እንጨት መሰብሰቡን ጨርሷል፤ በዚያ ላይ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር።

ብረቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የዛገ ብሎን በቀጥታ ወደ ግራ አይታገልም፤ መስመሩ በመርፌ ይጸዳል፣ ራሱ በጋለ ብረት ይሞቃል፣ መጀመሪያ በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይፈታል። ቁልፍ ነጭ ጋዝ ውስጥ አንድ ቀን አድሮ በጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። ናስ እንደ ወርቅ አይወለወል፤ መጀመሪያ በማግኔት ይፈተን፣ ማግኔት ከያዘው በናስ የተለበጠ ብረት ነው፣ ሲወለወል ልባሱ ይነሣል።

ቅብን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ቅብ ግማሹ እንኳ ካለ አይነሣም። ለእኔ የጎጃም ሰም ይበቃል። 100 ግራም ንጹሕ የንብ ሰም በድርብ ድስት ይቀልጣል፤ ከእሳቱ ተነሥቶ፣ ከማንኛውም ነበልባል ርቆ፣ 300 ሚሊሊትር አኳራጃ እየተጨመረ ይማሰላል። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። በስሱ ይቀባል፣ ሌሊት ያድራል፣ በጥጥ ጨርቅ ይወለወላል። እውነተኛ ቅቤ ግን አይቀባም፤ ይበላሻል፣ አይጥም ይጠራል። የኑግ ዘይት ቶሎ ስለማይደርቅ አቧራ ይዞ ይቀራል። እንጨቱ ባዶውን ከሆነና ዘይት ከፈለገ ተልባ ነው፤ በስሱ ተቀብቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉ ይጠረጋል፣ በሽፋኖቹ መካከል ቀናት ይሰጠዋል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል፤ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ይግባ። ጎማላካ የሚሟሟው በ95% አልኮል ነው፤ አረቄ፣ ዳግምም ቢሆን፣ ውሃው ስለሚበዛ ቅቡን ያነጣዋል። ውስጡ ጽድ ከሆነ ምንም አይቀባ፤ የጽድ ዘይት ተዘግቶ ሲውል ቫርኒሹን እያለሰለሰ መሳቢያውን ያጣብቃል።

ሣጥኑ ሲያልቅ ከግድግዳ የአንድ እጅ ስፋት ርቆ፣ እግሮቹ በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በላሜራ ቁራጭ ላይ ሆነው ይቀመጣል። የታችኛው መሳቢያ ሥር፣ በእርሳስ፣ የተተካው ክፍል፣ የገባው እንጨትና የኮላው ዓይነት ይጻፋል፤ ከቀኑም ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ሳይረሳ።